ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፣ 13 ሰዓት በእቅፍ፦ ይከልከል ወይስ ለወላጅ ይተው?

ጠያቂዋ፣ የ8 ወር ልጅ እናት፣ ቨርጂኒያ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልበረደ ክርክር አለ። ለፋሲካ አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። እናቴ ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክላ የልጅ ልጇን ያየችው በስልክ ብቻ ነው። በረራው ከዳለስ (ከዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ) ቦሌ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባሌ "ልጁ 2 ዓመት አልሞላውም፣ በእቅፍ ይሂድ፣ የሚከፈልበትም የአዋቂ ትኬት 10 በመቶ ገደማ ነው" ይላል። እኔ ደግሞ የራሱ ወንበር ይገዛለትና ካር ሲቱ (የመኪና የሕፃን ወንበሩ) ላይ ታስሮ ይሂድ ባይ ነኝ። ልዩነቱ ከሺህ ዶላር ያልፋል።

ስናነብ ነገሩ ከእኛ ቤት የሰፋ ሆኖ አገኘነው። አሜሪካ ውስጥ የትራንስፖርት አደጋ መርማሪው ቦርድ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "ሕፃናትም ይታሰሩ" ሲል ቆይቷል። የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ግን "አጥብቄ እመክራለሁ እንጂ አላስገድድም" ብሎ እምቢ እንዳለ ነው። እናንተስ? በሕግ ይከልከል ወይስ ለወላጅ ይተው? "እንደ አቅማችሁ" የሚል መልስ አልቀበልም። እሱን ባሌም ብሎኛል።

የቀድሞ የበረራ አስተናጋጅ፣ አትላንታ፦
ይከልከል። ሲነሳና ሲያርፍ ቦርሳህን ከወንበር ሥር አድርግ፣ ላፕቶፕህን ክተት እንላለን። የቡና ማንቆርቆሪያው እንኳ ተቆልፎበት ነው የምንቀመጠው። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መሃል ያልታሰረው ሕፃኑ ብቻ ነው።

ይሄ ሙግት ከየት እንደመጣ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በሐምሌ 1989 እ.ኤ.አ. የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 232 አዮዋ ውስጥ ሱ ሲቲ ላይ ተከሰከሰ። 296 ሰው ተሳፍሮበት 112 ሰው ሞተ። አራት ሕፃናት በእቅፍ ነበሩ። የዚያን ጊዜው መመሪያ ወላጆች ሕፃኑን እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ አስቀምጠው እንዲደግፉት ነበር። የአስተናጋጆቹ አለቃ ጃን ብራውን ያንኑ ነገረቻቸው። ከአራቱ አንዱ ሞተ። ከፍርስራሹ ስትወጣ ልጇን ፍለጋ ወደ ጭሱ የምትመለስ እናት ገጠመቻት። ብራውን ከዚያ ወዲህ ለዚህ ሕግ ስትሟገት ኖረች። እኔም ሥልጠና ላይ ይሄን ስሰማ አለቀስኩ። ሥራ ስጀምር ግን በእቅፍ ያለ ሕፃን ስቀበል ፈገግ ብዬ "እንኳን ደህና መጣህ የኔ ጌታ" እያልኩ አሳልፍ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሕጉ ይፈቅዳላ።

የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ሜሪላንድ፦
አዝናለሁ፣ ግን በአንድ አደጋ ሕግ አይወጣም። የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ በ2005 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን መርምሮ የተወው በጭካኔ አይደለም። ወንበር ግዛ ስትለው ብዙ ቤተሰብ በረራውን ትቶ መኪና ውስጥ ይገባል። መንገድ ላይ የሚሞተው ደግሞ አየር ላይ ከሚሞተው እጅግ ይበልጣል። አንድ ሕፃን ከአየር ላድን ብለህ ብዙ ሕፃናት አስፋልት ላይ ታጣለህ። ነገሩ ቀዝቃዛ ሒሳብ ነው፣ ግን ትክክል ነው።

ጠያቂዋ፦
ወንድሜ፣ ከቨርጂኒያ አዲስ አበባ በመኪና የሚሄድ ሰው ካወቅህ አስተዋውቀኝ። ያ ሒሳብ ከዋሽንግተን ኒውዮርክ ለሚሄድ ይሠራ ይሆናል። አትላንቲክን ለሚሻገር ግን ምን ይረባል?

የሒሳብ ሰው፦
እሺ፣ ይሄን አላሰብኩትም። ግን በመኪና ባይሄዱ ይቀራሉ። "አንድ ዓመት እንቆይ፣ ብር እናጠራቅም" ይላሉ። ያኔ አያትየው በሕይወት ካሉ ጥሩ። ይሄም ዋጋ ነው፣ መዝገብ ላይ አይጻፍም እንጂ።

የመንታ እናት፣ ሚኒሶታ፦
ስለ ባሲኔት ማንም አላነሳም። ደውላችሁ ቀድማችሁ ካስያዛችሁ ከፊት ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል የሕፃን አልጋ ይሰጣችኋል። 10 ኪሎ ገደማ ከሞላው ግን አይችለውም። እንዲህ ያሉ ወንበሮች ጥቂት ናቸው፣ ቀድሞ የደወለ ይወስዳቸዋል። እኔ አንድ ልጅ አስተኝቼ አንዱን አቅፌ ሄድኩ፣ ባሌ ከጎኔ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ጭራሽ አይሆንም ነበር። አንድ አዋቂ አንድ ሕፃን ብቻ ነው የሚያቅፈው።

ሲተኛ ገነት ነው። ችግሩ የቀበቶ መብራት ሲበራ ነው። አልጋውን ባዶ አድርጊ ትባያለሽ። የተኛ ልጅ ቀስቅሰሽ ታቅፊያለሽ። ለአንድ ሰዓት አባብለሽ አስተኝተሽ ስታስቀምጪው እንደገና ትን! ትላለች። በአንድ ሌሊት ስድስቴ ቆጠርኩ።

የቀድሞ የበረራ አስተናጋጅ፦
የኔ እህት፣ ያ መብራት የሚበራው ለቀልድ አይደለም። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር በነበረ አውሮፕላን ላይ የሆነውን አስታውሱ። ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 54 ሜትር ወረደ። ያልታሰረው ሁሉ ጣሪያ መታ። አንድ ሰው ሞተ። አዋቂውን ጣሪያ ላይ የለጠፈ ነገር 9 ኪሎ ልጅ ከክንድሽ ሲመነጭቅ "አጥብቄ ይዤዋለሁ" የሚባል ነገር አይሠራም። ጡንቻ የለሽም ማለቴ አይደለም፣ ማንም የለውም።

ፍራንክፈርት ያለሁ አባት፦
እዚህ አውሮፓ ያለው ነገር ሌላ ነው። በእቅፍ ላለ ሕፃን ከወላጁ ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ቀበቶ ይሰጣል። ያለዚያ አትነሳም። አሜሪካኖች ግን እሱኑ ይከለክላሉ። ምክንያቱን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ፣ አውሮፕላኑ ቢጋጭ የወላጁ ሰውነት ወደ ፊት ሲታጠፍ ልጁን መሃል ይጨፈልቀዋል የሚል ነው። አውሮፓ ደግሞ "ቢያንስ በርሮ አይሄድም" ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ሕፃን ነው የሚያወሩት። አንዱ የሚፈራው አውሮፕላኑ አየር ላይ መናጡን ነው፣ አንዱ ግጭቱን። ታዲያ ወላጅ ማንን ይስማ?

አምስት ልጅ፣ ዘጠኝ የልጅ ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ልጆቼ፣ ሽማግሌ ነኝና ታገሡኝ። ባለቤቴ አምስቱንም በአንቀልባ አዝላ ነው ያሳደገችው። ካር ሲት የሚባል ነገር በስምም አናውቅም። ስለዚህ "ድሮ እንዲህ ነበር፣ ምን ሆንን" እላለሁ ብላችሁ እንደምትጠብቁ ገብቶኛል።

አልልም። ከልጄ ጋር ሆነን የልጅ ልጄን ይዘን ስንሄድ ሌሊቱን ተራ ገባን። ተራዬ ደርሶ አቀፍኩት። እራት በልተናል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ሞተሩ እሹሩሩ ይላል። ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ ልጁ ጉልበቴ ላይ የለም። እግሬ ሥር ጫማዬ ላይ ተኝቷል፣ ምንም አልሆነም፣ እየሳቀ ነው። ለልጄ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እዚህ እንደማታነብ ተስፋ አለኝ። ስለ መናጥ ትከራከራላችሁ፣ እኔ የምለው እንቅልፍ ነው። አንድ ሰዓት ማቀፍና አሥራ ሦስት ሰዓት ማቀፍ አንድ አይደለም። ይከልከል። ቢያንስ ረጅሙ በረራ ይከልከል።

ልጅ የሌለኝ ተሳፋሪ፣ ሲያትል፦
ጸጥታ የሚከበርበት የአዋቂዎች ክፍልም በሕግ ይጨመርልን።

የመንታ እናት፦
የኔ ወንድም፣ ጆሮ ማፈኛ አለልህ፣ ርካሽ ነው። አንተም አንድ ቀን ስትበር አልቅሰህ ይሆናል፣ እናትህን ጠይቃት።

የሕፃናት ነርስ፣ ዴንቨር፦
ከርዕስ ልወጣ ነው፣ አስተዳዳሪዎች ይቅር በሉኝ። ጠያቂዋ፣ ልጅሽ 8 ወሩ ነው ካልሽ ከወንበሩ በፊት ክትባቱን አስቢ። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ከአሜሪካ ወደ ውጭ ሲወጣ የኩፍኙን ክትባት አንድ ጊዜ ቀድሞ እንዲወስድ ይመከራል፣ ቢቻል ከጉዞው 2 ሳምንት በፊት። ያ ግን ከመደበኞቹ ሁለቱ አይቆጠርም። ዓመት ከሞላው በኋላ ሁለቱንም ይወስዳል። ብዙ ሐኪም ቤት ካልጠየቅሽ አይነግሩሽም።

ሁለተኛ፣ እዚህ የሚሰጥሽን ምክር ሁሉ አትስሚ። "ቤናድሪል ስጪው፣ እስከ ቦሌ ይተኛልሻል" የምትል ዘመድ አትጠፋም። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለማስተኛት ብሎ መስጠት አደገኛ ነው። አንዳንዱን ልጅ ደግሞ ጭራሽ ያነቃዋል፣ ያቅበጠብጠዋል። ጡት ወይም ጡጦ ለሚወርድበት ሰዓት አቆዪለት። ጆሮ የሚያመው ሲወርድ ነው፣ መዋጥ ጆሮውን ይከፍትለታል። ካፒቴኑ "መውረድ ጀምረናል" ሲል ጀምሪ፣ ጎማው መሬት ሲነካ ዘግይተሻል።

አስተዳዳሪ፦
ነርሷ ጠቃሚ ነገር ስለተናገሩ አልሰርዝም። ሌሎቻችሁ ግን ወደ ርዕሱ።

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ፣ ቴክሳስ፦
በውስጥ መስመር "ሕፃን በዚያ ከፍታ አየር ያጥረዋል፣ በሕግ ከመከልከልም በላይ ጭራሽ መብረር የለበትም" ብሎ የጻፈልኝ ሰው አለ። አጭር መልስ። ጤነኛ ልጅ ከሆነ፣ ድሪምላይነር (ቦይንግ 787) ውስጥ ያለው አየር ከፍ ሲል 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ልጁ አየር የሚያጥረው ከአውሮፕላኑ ሲወርድ አያቱ ቤት ነው ማለት ነው፣ እዚያም ስንቱ ተወልዶ አድጓል።

ወደ ርዕሱ ስመለስ። ስትሄዱ በቀጥታ ትበራላችሁ። ስትመለሱ ግን አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ከፍታ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ስለሚከብደው መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። አንድ ተጨማሪ ማረፍና አንድ ተጨማሪ መነሳት አለ። አደጋ የሚበዛው በእነዚህ ሰዓቶች ነው። ወንበር ለአንድ መንገድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ለመመለሻው ግዙ።

ሪያድ ያለሁ፣ የአንድ ልጅ እናት፦
ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ሳነብ ቆይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። እናንተ የምታወሩት ለፋሲካ ስለሚሄድ ቤተሰብ ነው። ከዚህ አዲስ አበባ 3 ሰዓት ነው። ከኛ መሃል ሕፃን ይዛ የምትሳፈር ብዙዋ ለጉብኝት አይደለም የምትሄደው። ሥራዋ አልቆ ነው፣ ወይም ወረቀቷ ተበላሽቶ ተይዛ ነው። ትኬቷን ጓደኞቿ ሃምሳ ሃምሳ ሪያል አዋጥተው ነው የሚገዙላት። እኔም አዋጥቻለሁ። እናንተ "ይከልከል" ስትሉ ያቺን ሴት ሙሉ ወንበር ክፈዪ እያላችኋት ነው። አትከፍልም፣ ከየት አምጥታ? ታዲያ ልጇን ይዛ የት ትሁን?

የአሜሪካ ሕግ እኛን አይገዛም ትሉኝ ይሆናል። አሜሪካና አውሮፓ የሚያወጡት ግን ቆይቶ ለሁሉም ይደርሳል።

የቀድሞ የበረራ አስተናጋጅ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ግን ጥፋቱን ከወላጅ ላይ አንሱት። ሕጉ "ወላጅ ይግዛ" ሳይሆን "አየር መንገዱ ያለ ወንበር አይጫን፣ በ10 በመቶው ዋጋ ወንበር ይስጥ" ቢልስ?

የሒሳብ ሰው፦
አየር መንገድ በነጻ ወንበር የሚሰጥ ይመስልሻል? የሁላችንም ትኬት ላይ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። በነገራችን ላይ እኔ ይሄን እደግፋለሁ። በሕፃን ፈንታ እኔ አምስት ዶላር ልክፈል። ከሁለት ሰዓት በፊት ያልኩትን አትጥቀሱብኝ።

ሪያድ ያለሁ፦
እንዲያ ከሆነ እሺ። ግን መጀመሪያ ዋጋው ይጻፍ፣ ከዚያ ክልከላው። ብዙ ጊዜ ክልከላው ቀድሞ ይመጣል፣ ዋጋው ይረሳል።

ፍራንክፈርት ያለሁ አባት፦
እስከዚያው ድረስ ቢያንስ ትንሿን ቀበቶ ስጡን። ግጭት በአንድ ሰው ዕድሜ አንዴም ላይመጣ ይችላል። መናጥ ግን በየበረራው አለ።

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ፦
በዚህ አልስማማም፣ ግን ደክሞኛል። ነገ እመለሳለሁ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለባሌ ሙሉውን አነበብኩለት። አስተናጋጇ ላይ ዝም አለ፣ የሒሳቡ ሰው ላይ "ይኸው!" ብሎ ዘለለ፣ ከዚያ ሰውየው ሲገለበጥ ተናደደ። የሽማግሌው ጫማ ላይ ስንደርስ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ራሱ ደግሞ አነበበው። እሱ እንቅልፍ እንደሚወስደው ያውቃል። ፊልም እንኳ ጨርሶ አያውቅም።

ለመመለሻው ወንበር ልንገዛ ተስማምተናል። ለመሄጃው ዛሬ ጠዋት ደውዬ ባሲኔት ጠይቄያለሁ፣ ልጁ 8 ኪሎ ተኩል ስለሆነ እስኪ እናያለን። ክትባቱን ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሕጉን በተመለከተ ግን ይከልከል ብዬ ነው የገባሁት፣ ለሪያዷ እህት የምመልሰው አጣሁ።

አሁን ባሌ ሳሎን ወለል ላይ ሜትር ይዞ ተንበርክኳል። ካር ሲታችን ጎኑ ላይ "ለአውሮፕላን ይሆናል" የሚል ቀይ ጽሑፍ አለው፣ እሱ ተገኝቷል። ስፋቱ ግን 18 ኢንች ሆነ። 16 ኢንች ካላለፈ ነው አብዛኛው ወንበር ላይ የሚገባው አሉ። አሌክሳንድሪያ ወይም ስፕሪንግፊልድ አካባቢ ጠበብ ያለ ካር ሲት ለአንድ ወር የሚያውሰን ሰው አለ? ከመርካቶ በርበሬ እናመጣለን።