የጋራ ፕሮፖዛሉ፦ እስከ ዓርብ መዘጋት ያለባቸው ነገሮች

ጸሐፊ፦
የሦስቱ ማኅበራት ረቂቅ ደርሷችኋል። የሚገባው ዓርብ ነው። ዓላማው ላይ ተስማምተናል፣ መልሳችሁ አትክፈቱት። የኤችአይቪ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ፣ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህንን ለትዳር ጓደኛና ለቤተሰብ እናስተምራለን። የቀረው የአሠልጣኞች ክፍልና በጀቱ ነው። የአሠልጣኞቹን ክፍል የወጣቶች ተጠሪ እጽፋለሁ ብሏል።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ነገ ማታ ይደርሳችኋል።

አቻ አስተማሪ፦
ገጽ 2 ላይ የመተላለፍ ዕድሉ «በጣም ይቀንሳል» ተብሏል። ማን ነው ያስገባው? የፓርትነር ጥናት በ2016 እኤአ ሲታተም 888 ጥንዶችን ተከታትሎ ነበር። አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ናቸው። 58,000 ገደማ ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርገዋል። ከትዳር ጓደኛው የተያዘ አንድም ሰው አልተገኘም። በ2019 የወጣው ሁለተኛው ዙርም ያንኑ ነው ያሳየው። እኛው ራሳችን በፍርሃት ከጻፍነው ሰው እንዴት ይመነን?

የእናቶች ቡድን፦
ይስተካከል። ጡት ማጥባት ግን ለብቻው ይጻፍ። አይተላለፍም የምንለው ለግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ካልታከመች እናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፤ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ትልቅ ለውጥ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ይህንን ቀላቅለን ብናስተምር እናቶቹ እኛን ነው የሚጠይቁት።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ የማየው አባሪ 3ን ነው። የክኒን ማስቀመጫ ሣጥኑ ክዳን ላይ የሁለቱ ማኅበራት ዓርማ አለ። የኛ የለም። ይህ እስኪስተካከል አልፈርምም።

ጸሐፊ፦
ናሙና ነው። ይጨመራል።

አቻ አስተማሪ፦
አይጨመርም። እንዲያውም ያሉትም ይውጡ። ቀይ ሪባን ያለበት ሣጥን ማን ነው ከቦርሳው የሚያወጣው? እኔ ሥራ ቦታ ብልቃጡ እንዳይንኳኳ ጥጥ እጨምርበታለሁ። የብልቃጡን ወረቀት ልጠው የሚጥሉ ስንት አባላት አሉን!

ገንዘብ ያዥ፦
እና ተደብቀን ነው ስለ መገለል የምናስተምረው? ሣጥኑን ማን እንደሰጠ መታወቅ አለበት። ባለፈው ባነሩ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

መሥራች አባል፦
ይህን ዓርማ ያወጡት ሰው ፊቱን ሸፍኖ በሚኖርበት ጊዜ አደባባይ የወጡ ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ መድኃኒቱ ሳይደርስላቸው ነው የሄዱት። ዛሬ በቀን አንድ ክኒን ውጦ የሚያድር ሰው በዓርማው የሚያፍር ከሆነ እኔ የምለው የለኝም።

አቻ አስተማሪ፦
እርስዎን አከብራለሁ። ግን አላፈርኩም፣ አፈርሽ እንዳይሉኝ። መድረክ ላይ ስሜን ጠርቼ ነው የማስተምረው። ያ የኔ ምርጫ ነው። አዲስ የጀመረችን ልጅ ገና ለእናቷ ሳትናገር ሣጥኑ እንዲናገርባት አልፈልግም።

የእናቶች ቡድን፦
እውነቷን ነው። አንዲት አባላችን አማቷ ክኒኗን አይታባት ቤት ለቃ ወጥታለች።

ገንዘብ ያዥ፦
ስሜት አታድርጉት። እያወራን ያለነው ስለ አንድ ዓርማ ነው።

አቻ አስተማሪ፦
አልፈርምም ብሎ የጀመረው ማን ሆነና!

ሰብሳቢ፦
ይብቃ። ሁለታችሁም እስከ ማታ አትጻፉ።

ፋርማሲስት አባል፦
ዓርማውን ለእናንተ ትቼ አንድ ነገር ልበል። ብልቃጡ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አለ። ክኒኑ እዚያው ቢቀመጥ ይሻላል፤ ሣጥኑ የጥቂት ቀን ብቻ ይያዝበት። ሌላው፣ ክዳኑ ላይ ቦታ ካለ ለሰው የሚጠቅም ነገር ጻፉበት። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ዶሉቴግራቪር ከጨጓራ ማስታገሻና ከብረት ክኒን ጋር አብሮ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መውሰድ ነው። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የጀመረ ሰው ደግሞ ዶሉቴግራቪርን በቀን ሁለት ጊዜ መውሰድ ስላለበት ለሐኪሙ መናገር አለበት። ይህን የማያውቅ በሽተኛ በየቀኑ አገኛለሁ።

የእናቶች ቡድን፦
የብረት ክኒኑ ነገር ለነፍሰ ጡሮች የግድ ነው! ክዳኑ ውስጥ ይግባ።

ሰብሳቢ፦
ጥሩ። ከውጭ ባዶ፣ ክዳኑ ውስጥ ምክሩ። ዓርማው ከሣጥኑ ጋር በሚሰጠው ወረቀት ላይ ይሁን፣ የሦስታችንም በእኩል መጠን።

መሥራች አባል፦
ልጅቷ ያለችውን ደግሜ አነበብኩት። ወረቀቱ ላይ ይበቃኛል። እንዳትቀየሚኝ።

አቻ አስተማሪ፦
አልተቀየምኩም፣ እርስዎም እንዳይቀየሙኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ። ግን ክዳኑ ውስጥ ኅትመት ሲጨመር ሣጥኑ ከበጀቱ ሲሶ ይወስዳል። ለዚያ የሦስት ቀኑን ሥልጠና ወደ አንድ ቀን አውርጃለሁ። የጥንዶች ውይይቱንም ለሁለተኛ ዙር አስተላልፌዋለሁ።

አቻ አስተማሪ፦
ምን? የተነሳነው ለምን ነበር? ሚስቱ ታክማ ቫይረሱ በምርመራ ሳይታይባት አልጋ የለየ ባል እንዲያውቅ አይደል? ሣጥን ይህን አይነግረውም። ሁለቱም አብረው ተቀምጠው፣ የምርመራ ውጤቷን ይዘው፣ ጠይቀው ነው የሚገባቸው።

ጸሐፊ፦
ለጋሹ የሚቆጠር ነገር ይፈልጋል። ሣጥን ይቆጠራል። ርዕሱንም «የመድኃኒት አወሳሰድ ድጋፍ» ብዬዋለሁ፣ አሁን ካለው ይዘት ጋር ይሄዳል።

አቻ አስተማሪ፦
ቫይራል ሎድም፣ ደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን፣ እኮ ይቆጠራል። መድኃኒት ከተጀመረ በ6ኛው ወር፣ በ12ኛው ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ይታያል። ከሥልጠናው በኋላ ስንት ሰው ውጤቱን እንደጠየቀ፣ ስንቱ ለትዳር ጓደኛው እንዳሳየ እንቁጠር።

ፋርማሲስት አባል፦
ይህ ይጻፍ። ብዙ ሰው ደም ይሰጣል እንጂ ውጤቱ ስንት እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ቁጥሩ ከ1,000 በላይ የመጣበትም ወቀሳ ሳይሆን ምክር ያስፈልገዋል። ሦስት ወር አጥብቆ ወስዶ ምርመራው ይደገምለታል።

ጸሐፊ፦
ማን ይጽፈዋል? የአሠልጣኞች ክፍልም አልመጣም። ዛሬ ሐሙስ ነው።

የእናቶች ቡድን፦
የወጣቶች ተጠሪ ስልክ አያነሳም። እኔ ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ፣ ስለ ጡት ማጥባቱ ብቻ።

ፋርማሲስት አባል፦
እኔ ተረኛ ነኝ፣ አልደርስም።

ገንዘብ ያዥ፦
በጀቱን እስካልነካ ድረስ ይግባ። የሣጥኑን ቀለም ግን ዛሬ ወስኑልኝ። ነጭ ነው ሰማያዊ?

መሥራች አባል፦
ሰማያዊ።

አቻ አስተማሪ፦
የፈለጋችሁት ይሁን። ሥልጠናው አንድ ቀን ሆኖ ከቀረ ግን ስሜን ከአሠልጣኞች ዝርዝር አውጡት።

ጸሐፊ፦
ስምሽን እስከ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት አላወጣውም። የጥንዶቹን ክፍል እስከዚያ የላከ ሰው ካለ አስገባዋለሁ። ማኅተም የያዛችሁ በሰዓቱ ኑ።