«ባህላቸው ነው» ብሎ ማለፍ ምን ማለት ነው?

እናት ዊተን፦
ትናንት ማታ አንድ የሐበሻ ላይቭ እያዳመጥኩ ነበር። ቦይፍሬንዷ ስለመታት የ16 ዓመት ልጅ ተነሳ። ሁለቱም ላቲኖ ናቸው፣ ቤተሰባቸው ከላቲን አሜሪካ የመጣ። አንዱ ተናጋሪ «ተዉት፣ እሱ ባህላቸው ነው» አለ። ከዚያ ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ዞረ። ማንም ምንም አላለም። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ታች ሳልቫዶር፣ ላይ እኛ። ልጆቻችን አንድ አውቶቡስ ነው የሚሳፈሩት። ልጅ ስትመታ ባህል ነው ተብሎ ይታለፋል?

የምሽት ሾፌር፦
እህቴ፣ ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው። እኔ ሌሊት ነው የምሠራው። ቅዳሜ ከኪንሴአኜራ፣ ከሴት ልጅ የ15 ዓመት ልደት ድግስ፣ የሚወጡ ልጆች እጭናለሁ። ልጁ «ስልክሽን አምጪ» ይላታል፣ ትሰጠዋለች። አንድ በአንድ ያነብባል። እሷ በመስኮት ታያለች። ማቺስሞ፣ ወንድ የበላይ ነው ማለት፣ የሚለውን ስም ደግሞ ራሳቸው ናቸው ያወጡት፤ እኛ አልፈጠርነውም።

ኮሎምቢያ ሃይትስ ያደግኩ፦
ስሙን ራሳቸው ማውጣታቸው እኮ ራሳቸው እየታገሉት መሆኑን ነው የሚያሳየው። ኤስፔራንሳ ዩናይትድን የሚያውቅ አለ? በ1982 ሚኒሶታ ውስጥ ላቲና ሴቶች የጀመሩት ድርጅት ነው፤ ድሮ ካሳ ደ ኤስፔራንሳ ይባል ነበር። ከ40 ዓመት በላይ በዚህ ጉዳይ ላይ ሲሠሩ፣ የቱ ነው ባህሉ? መቺው ነው ወይስ የምትከለክለው?

ጥናትም አለ። ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ 1,525 የላቲኖ ልጆችን አሜሪካ ውስጥ በስልክ ጠይቀዋል። ከአምስቱ አንዱ ግድም ከፍቅረኛ የሆነ ዓይነት ጥቃት ደርሶብኛል ብሏል። አብዛኛው ስድብ፣ ማስፈራራትና ቁጥጥር ነው። አካላዊ ጥቃት የደረሰባቸው ከመቶ ወደ 7 ናቸው። በ2019 ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት፣ የሁሉንም ዘር የሃይስኩል ተማሪዎች ሲጠይቅ ደግሞ፣ ፍቅረኛ ከነበራቸው ውስጥ አካላዊ ጥቃት የደረሰበት ከ12ቱ አንዱ ነበር። ስለዚህ «ባህላቸው» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

የምሽት ሾፌር፦
በስልክ? የ13 ዓመት ልጅ፣ እናቷ ሳሎን ተቀምጣ፣ ለማታውቀው ሰው በስልክ «አዎ መታኝ» ትላለች? ሁለቱ ጥናቶች የጠየቁትም አንድ ዓይነት አይደለም። አታነጻጽሪያቸው።

ኮሎምቢያ ሃይትስ ያደግኩ፦
ጥያቄው እንደሚለያይ እቀበላለሁ። ግን ልጅ በስልክ የምትደብቀው ላቲና ስለሆነች አይደለም። የእኛዋም ትደብቃለች።

ሐበሻ ነርስ፦
እዚህ ጋ ልግባ። ክሊኒክ ውስጥ በብዛት የምሰማው «መታኝ» የሚለውን አይደለም። «ኤስ ሴሎሶ» ነው፣ ቀናተኛ ነው ማለት። ፈገግ እያለች ትነግረኛለች። ፓስወርዷን ይዟል፣ ሎኬሽኗ ሁልጊዜ ለእሱ ክፍት ነው፣ ከአክስቷ ልጅ ጋር ፎቶ ከተነሳች ሁለት ቀን አያናግራትም። ይህን ፍቅር ነው ትለዋለች። እኔ ደግሞ የምሰማው የአክስቴን ድምፅ ነው፦ «ካልቀና አልወደደም»። ይህ አባባል የሳልቫዶር ነው?

የምሽት ሾፌር፦
አባባል ሌላ፣ ዱላ ሌላ። እኛን ከስፓኒሾች ጋር አታወዳድሪን። የእኛ ልጆች በዚያ ዕድሜ ቦይፍሬንድ የሚባል ነገር አያውቁም።

እናት ዊተን፦
ወንድሜ፣ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። እንደማታውቅ አድርጌ ራሴን አላታልልም።

ሁለት ወንዶች አሉኝ፦
ስለ ሴቶቹ ብቻ ነው የምታወሩት። በዚያው በሲዲሲ ቁጥር ከ14 ወንዶች አንዱም ተጠቅቷል። ሴቶቹ ከ11 አንዷ። ትልቁን ልጄን ሴት ልጅ በጥፊ ስትመታው ጓደኞቹ ሳቁ። ለማን ይናገር?

ሐበሻ ነርስ፦
ልክ ነህ፣ ያምማል። ሆስፒታል የሚያደርሰው ጉዳት ግን በብዛት በሴቶቹ ላይ ነው። ሁለቱንም እንያዝ።

ዳላስ ነኝ፦
«ስፓኒሽ» ማለቱን ተዉት በመጀመሪያ። ስፓኒሽ ቋንቋ ነው። ጓቲማላ ተራራ ላይ ተወልዳ ማም የሚባለውን የአገሬው ቋንቋ የምትናገር ልጅ እዚህ ስትመጣ ስፓኒሽም ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው።

የምሽት ሾፌር፦
ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው። በስድብ አይደለም። ራሴ ጎረቤቶቼን እወዳቸዋለሁ።

ዳላስ ነኝ፦
እንደምትወዳቸው አምናለሁ። ለዚህ ነው የምነግርህ።

ወደ ዋናው ልመለስ። ቴክሳስ በ2007 ሕግ አውጥቷል። እያንዳንዱ የትምህርት ዲስትሪክት ስለ ወጣቶች የፍቅር ግንኙነት ጥቃት ፖሊሲ እንዲኖረው ያስገድዳል። ወረቀቱ አለ። ልጅቷ ግን ካውንስለር ጋ አትሄድም። ለምን? አባቷ ወረቀት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። ካውንስለር ከሰማ ፖሊስ ይሰማል፣ ፖሊስ ከሰማ ቤታችን ይፈርሳል ብላ ነው የምታስበው። በጃንዋሪ 2025 ኢሚግሬሽን ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ይገድብ የነበረው መመሪያ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ የእኛ ሠፈር እናቶች የወላጅ ስብሰባም ፈርተዋል።

ኮሎምቢያ ሃይትስ ያደግኩ፦
ዩ ቪዛ አለ እኮ። ከ2000 ጀምሮ፣ በወንጀል ተጎድተው ከፖሊስ ጋር ለተባበሩ። የ21 ዓመት ካልሞላት እናትና አባቷንም ማካተት ትችላለች።

ዳላስ ነኝ፦
በዓመት ለተጎጂዎች የሚሰጠው 10,000 ብቻ ነው። ሰዉ ዓመታት ይጠብቃል። ለ16 ዓመት ልጅ ይህን ብነግራት ዛሬ ማታ ምን ይሠራላታል?

የምሽት ሾፌር፦
ወረቀት የሌለው ሁሉ ልጁን ያስመታል ማለት ነው? እኔም ለዓመታት ወረቀት አልነበረኝም። መፍትሔው ሴት ልጅን በዚህ ዕድሜ አለመልቀቅ ነው። በቃ።

ሐበሻ ነርስ፦
ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። እነሱም ቤት አባት እንደ አንተ ነው የሚለው። ልጅቷ ግን ተደብቃ ትወጣለች። ተደብቃ የወጣች ልጅ ስትመታ ማን ጋ ትሂድ? ቤት ብትናገር የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልትሠሪ አብረሽው ነበርሽ?» ነው። ያኛው ልጅም ይህን ያውቃል። «ለአባትሽ እነግራለሁ» ብሎ ያስፈራራታል። ክልከላህን እሱ እንደ ዱላ ይዞታል። አንዲት ልጅ ክንዷ በልዞ መጥታ የለመነችኝ «ፖሊስ አትጥሪ» ብላ አልነበረም። «ለፓፒ እንዳትነግሪ» ነበር ያለችው፣ ለአባቴ ማለቷ ነው።

የምሽት ሾፌር፦
አባትን ጥፋተኛ ማድረግ ነው የቀረሽ?

ሐበሻ ነርስ፦
አይደለም። በዚያው በስልክ በተደረገው ጥናት የቤተሰብ ድጋፍ ያላት ልጅ ላይ ጥቃቱ ያንሳል። አባት ያስፈልጋል። ፋሚሊስሞ የሚሉት የቤተሰብ ፍቅራቸው ትልቅ ሀብት ነው። ልጅቷ ሳትፈራ የምትናገርበት ቤት ከሆነ።

ኮሎምቢያ ሃይትስ ያደግኩ፦
ልጆቹ ደግሞ ለማን እንደሚናገሩ ይታወቃል፤ ለጓደኛ ነው። ካውንስለር ጋም ፖሊስ ጋም የሚሄዱት ጥቂት ናቸው። እናት ዊተን፣ ያ ጓደኛ ልጅሽ ልትሆን ትችላለች።

እናት ዊተን፦
ሆናለች እኮ። መጀመሪያ ያልጻፍኩት አሳፍሮኝ ነው። ላይቩ ላይ ስለ ልጅቷ ሲወራ ልጄ አጠገቤ ነበረች። «ባህላቸው ነው» ሲል ሰማች። ተነሥታ ክፍሏ ገባች። በኋላ ስገባ፣ ስለ አንዲት ጓደኛዋ ነገረችኝ፤ ሎኬሽኗን አትዘጋም። የሆንዱራስ ልጅ ናት፣ እኛ ቤት እንጀራ በልታ ታድራለች። «ላንቺ ልነግርሽ ነበር፤ ግን አንቺም እንደዚያ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ።

የምሽት ሾፌር፦
ይህን ቀድመሽ ብትነግሪን ኖሮ እንደዚህ አልናገርም ነበር። ልጁ ማን ነው? ወላጆቹን የሚያውቅ ሰው አለ?

ሐበሻ ነርስ፦
ልጁን ተወው ለጊዜው። ልጅቷ ሳትፈልግ ቢነካ በእሷ ላይ ይብሳል።

የምሽት ሾፌር፦
እንዴት እተወዋለሁ? ነገ ሌላዋን ይመታል!

ዳላስ ነኝ፦
መጀመሪያ ልጅቷ ምን ትፈልጋለች? እሷን የጠየቃት ሰው አለ?

እናት ዊተን፦
አርብ እኛ ቤት ናት።