የማይረሳ የፊልም ንግግር ከደራሲው ብዕር ይወለዳል ወይስ ከቀረጻ ቦታ?

ጀማሪው ደራሲ፦
የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን ስክሪፕት ጨርሼ ለቀረጻ እየተዘጋጀን ሳለ ከዋናው ተዋናይ ጋር አልተግባባንም። እሱ በቃለ ተውኔቱ ላይ እንዳመቸው የመጨመርና የመቀነስ ነፃነት ይጠይቃል፤ ከሕዝብ አፍ የማይጠፉት የዓለም ሲኒማ ንግግሮች ተዋናዮች ካሜራ ፊት ድንገት የተናገሯቸው ናቸው ብሎም ይከራከራል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ንግግር ተለፍቶበት የሚጻፍ ይመስለኛል። ታሪኩን የምታውቁ ምሳሌ እየጠቀሳችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የሲኒማ ወዳጅ፦
ተዋናይዎ ያለ ማስረጃ አልተከራከረም። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣውና ሻርክ ስለሚባል ሰው በላ ትልቅ ዓሣ በሚተርከው የስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» ፊልም፣ ሮይ ሻይደር የሚጫወተው የፖሊስ አዛዥ ብሮዲ ሲጋራውን በአፉ እንደያዘ ለሻርኩ ማባበያ የሚሆን የዓሣ ቁራጭ ወደ ባሕሩ ይጥላል። አውሬው ከውኃው ብቅ ሲል ሰውየው አይጮኽም፤ ቀጥ ብሎ ይቆምና ዓይኑን ከባሕሩ ሳይነቅል የኋሊት እየተራመደ ገብቶ ለጀልባው ባለቤት «ከዚህ የሚበልጥ ጀልባ ያስፈልግሃል» ይለዋል። ይህ ንግግር በስክሪፕቱ ውስጥ አልነበረም። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ካርል ጎትሊብ እንደተናገረው፣ የቀረጻው ሠራተኞች አጋዧ ጀልባ ትንሽ ናት እያሉ ቆጣቢዎቹን ፕሮዲውሰሮች የሚያሙበት ቀልድ ነበር፤ ሻይደርም ቀልዱን አንሥቶ በትወናው ውስጥ ሰነቀረው። በ1976 በወጣው «ታክሲ ድራይቨር»ም እንዲሁ፣ ስክሪፕቱ ገጸ ባሕሪው መስታወት ፊት ቆሞ ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር ብቻ የሚያመለክት ሲሆን፣ «እኔን ነው የምታናግረው?» የሚለውን የፈጠረው ሮበርት ደ ኒሮ ነው።

ብርሃንና ጥላ፦
የወንድማችን ምሳሌዎች ትክክል ናቸው፤ ተዋናዩ የደረሰበትን መደምደሚያ ግን አልቀበልም። ብሮዲ ውኃ የሚፈራ ሰው መሆኑን፣ የጀልባው ባለቤት ደግሞ በራሱ ልምድ የሚኩራራና ሌላውን የሚንቅ መሆኑን ደራሲዎቹ አስቀድመው ባያደላድሉ ኖሮ የሻይደር ቀልድ ሰሚ አያገኝም ነበር። ሰውየው «ያስፈልገናል» ሳይሆን «ያስፈልግሃል» ማለቱን ልብ ይሏል፤ እኔ ከዚህ ጉዳይ የለሁበትም እንደማለት ነው።

በእኔ ግምት ለጥያቄዎ የተሻለው ምሳሌ በ1959 የወጣው የቢሊ ዋይልደር «ሳም ላይክ ኢት ሆት» መጨረሻ ነው። ከወንበዴዎች ለማምለጥ የሴት ልብስ የለበሰውን ጄሪን አንድ ባለጠጋ ሽማግሌ አፍቅሮት በሞተር ጀልባ ይዞት ሲሄድ፣ ጄሪ ጋብቻው የማይሆንበትን ምክንያት ይደረድራል። ጸጉሬ የተፈጥሮ አይደለም ሲለው «ግድ የለኝም» ይላል፤ ከሌላ ሰው ጋር ኖሬአለሁ ሲለው «ይቅር ብዬሻለሁ» ይላል፤ ልጅ አልወልድም ሲለው «በማደጎ እናሳድጋለን» ይላል። በመጨረሻ ጄሪ ዊጉን መንጭቆ አውልቆ «ወንድ ነኝ!» ብሎ ሲጮኽ፣ ሽማግሌው ፊቱ ላይ አንዳች ለውጥ ሳይታይበት «ምን ይደረግ፣ እንከን የሌለው ሰው የለም» ይለዋል። ዋይልደርና አብሮት የጻፈው ዳይመንድ ይህንን ንግግር የተሻለ እስኪገኝ ድረስ ብለው ነበር ያስቀመጡት፤ የተሻለ ግን አልተገኘም። ንግግሩ ብቻውን ሲነበብ ማንም የሚለው ተራ ነገር ነው፤ የሚያስቀው ከፊቱ በተደረደሩት እምቢታዎችና መልሶቻቸው ኃይል ነው። ተዋናይዎ የፈለገውን ያህል ብልህ ቢሆን ያንን ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ምልልስ ካሜራ ፊት ቆሞ ሊፈጥረው አይችልም።

የቀድሞ ተመልካች፦
ክርክሩ በሆሊውድ ብቻ ባይወሰን መልካም ነው፤ ለህንድ ፊልም በአገራችን ሲኒማ ቤቶች የተሰለፈ ሰው ስለሚያውቀው ነገር ልጨምር። በ1975 የወጣው «ሾሌይ» ንግግሮቹ ብቻ ተለይተው በሸክላ ታትመው የተሸጡለት ፊልም ነው። የሽፍታው አለቃ ጋባር ሲንግ መጀመሪያ ሲታየን ፊቱ ሳይሆን በአለቱ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚል ጫማው ነው፤ የዝናር ቀበቶውም በድንጋዩ ላይ ይጎተታል። ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ሦስት ሰዎቹ ፊቱ ቆመዋል። «ስንት ሰዎች ነበሩ?» ይላል። ሁለት መሆናቸው ሲነገረው፣ እነሱ ሁለት እናንተ ሦስት ሆናችሁ እንዴት ተመለሳችሁ ብሎ ይቆጣል። ጥያቄውን የጻፉት ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር ናቸው፤ ነገር ግን ጋባርን የሚጫወተው የአምጃድ ካን ድምፅና በየመሐሉ የሚሰማው የእርምጃው ኮቴ ባይኖሩ ኖሮ ቆጠራ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። እንግዲህ የማን ነው ማለት ይቻላል?

ጀማሪው ደራሲ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያውስ ነፃነቱን ልስጠው ወይስ ልከልክለው? ካሜራችን አንድ ብቻ መሆኑንም ልብ በሉልኝ።

ብርሃንና ጥላ፦
በልምምድ ጊዜ ይስጡት፤ ያመጣው ነገር ጠቃሚ ሆኖ ከተገኘ በዚያው ቀን ስክሪፕቱ ላይ ያስገቡት። በቀረጻ ዕለት ግን፣ ካሜራው አንድ ከሆነ አንዱን ትዕይንት ከየአቅጣጫው ደጋግማችሁ መቅረጻችሁ ስለማይቀር፣ ተዋናዩ በየድግግሙ የተለያየ ቃል ከተናገረ ምስሎቹ እርስ በርሳቸው አይገጥሙም፤ ኤዲተሩም ይቸገራል። አዲስ ነገር መሞከር ካማረው፣ የተጻፈው ከሁሉም አቅጣጫ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ አንድ ተጨማሪ ቀረጻ ይፍቀዱለት።