ለሠራዊቱ የሳይበር ጥበቃ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ?

አወያይ፦ ባለፈው ሳምንት ሳይቋጭ ያደረው ሙግት ዛሬ ተመልሷል። አንድ አባል «መከላከያ መጀመሪያ ዘመናዊ መሣሪያ ይግዛ፤ ሰው በሂደት ይሠለጥናል» ሲል፣ ሌላው «ባለሙያ በሌለበት መሣሪያ መደርደር ገንዘብ ማባከን ነው» ብሎ ተነሥቶ ነበር። ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ የመረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኢንሳ ከሕዳሴው ግድብ ጋር የተያያዘ፣ ከግብፅ የተነሣ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን ሲናገር ሁላችንም ሰምተናል። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ የቴክኖሎጂ ግቢ የሚመረቁት ልጆችም ነገ ሥራ ፈላጊዎች ናቸው። በሉ ቀጥሉ፤ የካምፕ ስም ወይም የምድብ ቦታ የሚጠቅስ ጽሑፍ ግን አጠፋለሁ።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ እኔ ከመሣሪያው ወገን ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በሬድዮ መገናኛ ላይ ነው። መልእክቱን የሚቆልፍበት መሣሪያ የሌለው ኦፕሬተር፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የሚያወራው ጠላት እየሰማው ነው። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022፣ ቪያሳት የተባለው ኩባንያ የሚያስተዳድረው የሳተላይት ኢንተርኔት ተመትቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞደሞች ከጥቅም ውጪ ሆኑ። በዚያ ሰዓት ሌላ መስመር የሌለው ጦር ባለሙያው ምን ሊያደርግለት ይችላል?

የኔትወርክ ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ያመጡት ምስክር ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ኩባንያው ራሱ እንደገለጸው አጥቂዎቹ የገቡት በትክክል ባልተዋቀረ የቪፒኤን መሣሪያ (ከሩቅ ሆኖ ወደ መረቡ የሚገባበት በር) በኩል ነው። መሣሪያው ነበረ፤ ተከፍሎበታልም። የጎደለው በአግባቡ የሚያዋቅረውና የሚከታተለው ሰው ነው። እኔም ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ይህንኑ አይቻለሁ። ውድ ፋየርዎል፣ ማለትም ወደ መረቡ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራ መሣሪያ፣ ተገዛ፤ ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለነበር ጊዜው አልፎ ሳይታደስ ከረመ። አዳዲስ ጥቃቶችን የሚለይበት ማሻሻያ መምጣቱን አቆመ። ከፊት ያለችው አረንጓዴ መብራት ግን አልጠፋችም፤ ኃላፊው ባለፈ ቁጥር እሷን እያየ «ይሠራል አይደል?» ይለኛል። እንግዲህ ይህን በሠራዊት መረብ ላይ አስቡት።

ፎቶ ኮፒ ቤት፦ የሳተላይቱን ነገር አላውቅም፤ ስለ ፍላሽ ግን እኔን ጠይቁኝ። የምሠራው ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ነው። ፎልደሩ ሁሉ በቫይረስ ወደ ሾርትከት ተቀይሮበት «የመመረቂያ ጽሑፌ ጠፋ» እያለ ላብ የሚያጠምቀው ተማሪ የዕለት ደንበኛዬ ነው። እሱስ ተማሪ ነው። ማኅተም የሚጠብቅ የመንግሥት ደብዳቤ ከሙዚቃና ከፊልም ጋር በአንድ ፍላሽ ተጭኖ ሲመጣስ? እኔ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ፣ ታትሞ፣ ፍላሹ ተነቅሎ ወደ ቢሮው ይመለሳል። ከእኔ ዘንድ ምን ይዞ እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ ይህ የዲሲፕሊን ጉድለት ነው፤ ለዚህም ነው ባለሙያው ወታደር ይሁን የምለው። ወታደር «ፍላሽ አትሰካ» ከተባለ አይሰካም።

የኪቶ ምሩቅ፦ መቶ አለቃ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይሰካል። እ.ኤ.አ. በ2008 መካከለኛው ምሥራቅ በሚገኝ የአሜሪካ ጦር ሰፈር አንድ ፍላሽ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ተንኮለኛው ፕሮግራም ምስጢራዊውን መረብ ሳይቀር አዳረሰው። ከዚያ በኋላ ነው ጦሩ ፍላሽን እስከ መከልከል የደረሰው። ያው ጦር እ.ኤ.አ. በ2016 ከውጭ ያሉ ሰዎችን «ድረ ገጾቻችንን ፈትሹልን» ብሎ ሲጠራ ከ1,400 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ፤ 138 እውነተኛ ክፍተቶችም ተገኙ። ለዚህ ሰልፍ መለማመድ አላስፈለጋቸውም።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ ድረ ገጽ የአደባባይ በር ነው፤ በሩን ይፈትሹ። ጓዳውን ግን ለሲቪል አልሰጥም። ኤድዋርድ ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ2013 ያን ሁሉ የአሜሪካ የስለላ ምስጢር ይዞ ሲወጣ ምን ነበር? የኮንትራት ሠራተኛ!

የኪቶ ምሩቅ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የተያዘው ጃክ ቴሼራስ? የአሜሪካ የአየር ብሔራዊ ዘብ አባል፣ ደንብ ልብስ የለበሰ፣ ያውም በኮምፒውተር መረብ ሙያ የተመደበ ነበር። የጦሩን ምስጢር የበተነው ዲስኮርድ በተባለ የመወያያ መተግበሪያ ላይ ነው። ደንብ ልብሱ አልከለከለውም። የሚከለክለው ማን ምን እንደከፈተ መዝግቦ የሚያሳይ ሥርዓትና መዝገቡን በየቀኑ የሚያነብ ሰው ነው።

ቡና ነጋዴው፦ ስለ ደመወዝ የሚያወራ የለም እንዴ? የወንድሜ ልጅ እዚሁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለውጭ ኩባንያ ይሠራል፤ የሚከፈለው በዶላር ነው። መከላከያ በወታደር እርከን ምን ሊከፍለው ነው?

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ አገር በዶላር አይጠበቅም፣ ወንድሜ።

የኔትወርክ ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ የቤት ኪራይም በአገር ፍቅር አይከፈልም። ሠልጥኖ በሁለተኛው ዓመት የሚለቅ ሰው ከማይሠለጥነው ይብሳል፤ መረቡን አውቆት ነው የሚሄደው። ስለዚህ የሙያ አበል ይኑር፤ በመንግሥት ወጪ የሠለጠነውም የተወሰነ ዓመት የማገልገል ግዴታ ይግባ። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2007 ከደረሰባት የሳይበር ጥቃት በኋላ በባንክና በኩባንያ የሚሠሩ ባለሙያዎችን በመከላከያ ሊጉ ሥር በበጎ ፈቃድ አደራጅታለች፤ ሰዎቹ መደበኛ ሥራቸውን አልተዉም። ለጅማ ልጆች ይህ መንገድ ይስማማል ባይ ነኝ።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ እሺ፣ አበሉን ተቀበልኩ። በጎ ፈቃደኛውን ግን አልተቀበልኩም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መረቡ ተመትቶ ስልኩን ባያነሣ በየትኛው ሕግ ልትጠይቂው ነው?

የኔትወርክ ባለሙያዋ፦ በሚፈርመው ውል ነዋ። ወታደሩስ ስልኩን አንሥቶ «አቤት ጌታዬ» ካለ በኋላ የሚያደርገውን ባያውቅ?

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ ያን ጊዜ የምጠይቀው መሣሪያውን ያለ ሥልጠና ውል የገዛውን ኃላፊ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት፦ ታዲያ ጋሼ፣ ከሰዓት በኋላ ሙሉ የተከራከራችሁት ምን ላይ ነበር?

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ በሲቪሉ ላይ። እሱን አሁንም አልለቀቅኩም።