ሰው ሳቀ፣ ግን አላዘነም፤ ምኑ ጋ ተበላሸ?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ15 ደቂቃ አጭር ፊልም ስክሪፕት አለን። ዕለቱ ኅዳር 26 ቀን 1928፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡበት ነው። እማማ ዘይነባ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ጓዳ ተደብቀዋል። ቦምብ በወደቀ ቁጥር «አብሽር፣ ጦሳ ቁርሱን ስላልበላ ሆዱ ነው የሚጮኸው» ይሉታል (ጦሳ ደሴ አናት ላይ ያለው ተራራ ነው)። አንድ ተብታባ ጎረቤትም አለ። ሲነበብ ሰው ይስቃል፤ እማማ ሲሞቱ ግን ማንም ምንም አይሰማውም። ለምን?

ቦርከና፦ እማማ ራሳቸው ስለማይፈሩ ነው። የጣሊያናዊውን ቤኒኒን ፊልም «ላይፍ ኢዝ ቢዩቲፉል» (እ.ኤ.አ. 1997) እዩት፤ አባትና ልጅ ናዚ ካምፕ ታስረዋል። ወታደሩ የካምፑን ሕግ በጀርመንኛ ሲያንባርቅ፣ አባትየው ለልጁ ጨዋታ አድርጎ «ይተረጉመዋል»፦ 1000 ነጥብ የሞላ ታንክ ይሸለማል፤ ያለቀሰ፣ እናቱን ያለ ነጥብ ይቀነስበታል። ሳቁና ፍርሃቱ አንድ ሲን ላይ ናቸው። እናንተም ከቀልዱ በፊት 3 ሰከንድ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አሳዩን፤ ልጁ አይየው። የጦሳን ቀልድ ሦስቴ ብቻ ተጠቀሙበት። መጀመሪያ ያስቅ፤ ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ይቆራረጥ፤ ሦስተኛውን፣ ድብደባው ቆሞ እማማ ዝም ሲሉ፣ ልጁ ይጠይቀው፦ «እማማ፣ ጦሳ ጠገበ?»

ተብታባውን አውጡት። እሱ ላይ የሚሳቀው በአንደበቱ እንጂ በጦርነቱ አይደለም፤ የእኛ ኮሜዲ ክፉ ልማድ ነው።

ኤዲተሩ፦ በቦርከና እስማማለሁ። ድምፁንም አትርሱ። «ትዊንግ» የሚል የኮሜዲ ኢፌክት አንድ እንኳ አይግባ። ፍንዳታ፣ 2 ሰከንድ ጸጥታ፣ ከዚያ ቀልዱ፤ ጸጥታውን ከቆረጣችሁት ቦምቡ የቀልዱ ማጀቢያ ይሆናል። እማማንና ልጁን በአንድ ፍሬም ያዙ፣ ክሎዝአፕ (ፊት ብቻ አቅርቦ ማሳየት) አታብዙ። ከ10ኛው ደቂቃ በኋላ ሙዚቃ ይቁም። ሐዘኑ ላይ ማሲንቆ ከገባ ተመልካቹን አልቅስ ብላችሁ ማዘዛችሁ ነው፣ እሱም እምቢ ይላል።

ሰኞ ገበያ፦ እኔ ግን ጥርጣሬ አለኝ። ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1940 ሂትለር ላይ የቀለደበትን ፊልም በተመለከተ፣ የናዚ ካምፖቹን ትክክለኛ ሰቆቃ ባውቅ ኖሮ አልሠራውም ነበር ብሎ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የ2014ቱ ጦርነት ቁስል ገና አልጠገገም። የፊልሙ ዘመን 1928 ቢሆንም ተመልካቹ የሚሰማው የራሱን ፍንዳታ ነው። አዳራሽ ከማስገባታችሁ በፊት ለ10 ሰው፣ ሽማግሌም እናትም ላለበት፣ መብራት ሳታጠፉ አሳዩ። ስክሪኑን ሳይሆን ፊታቸውን ተመልከቱ፤ አንገት የተደፋበትን ደቂቃ መዝግቡ።

ጠያቂ፦ አላህ ይስጣችሁ። «ጦሳ ጠገበ?» ሲል የልጁን ፊት እናሳይ?

ቦርከና፦ አታሳዩ። ካሜራው የተዘጋው የጓዳ በር ላይ ይቁም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማ።