«ስሙ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው»?

ማኅቶት፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈውን አያችሁት? «ሰው የሕይወትን ድር አልሸመነም፣ ራሱ አንድ ክር ነው» ይላል፤ ከሥሩ «አለቃ ሲያትል፣ 1854» (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ መሪ የነበረው)። አጠገቡ የኢንድራ መረብ (በየቋጠሮው ያለው ዕንቁ ሌሎቹን ሁሉ የሚያሳይበት የቡድሂስቶች ምሳሌ) ሥዕል፣ ከዚያ «ቡድሃም የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችም ያሉት ስሙ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው»። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ቃሉ የሲያትል አይደለም! ቴድ ፔሪ የሚባል ጸሐፊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለፊልም የጻፈው ነው። እዚያው ጽሑፍ ላይ ሲያትል ከባቡር ላይ የተተኮሰባቸው ሺህ ጎሾች ሜዳ ላይ ሲበሰብሱ አየሁ ይላል። ሰውየው በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የፑጀት ሳውንድ ባሕር ዳር ሰው ነበር፤ ጎሽ ከየት መጣ? የሞተው 1866፣ አህጉሩን ያቋረጠው ሐዲድ ያለቀው 1869።

የቆላው ሰው፦ እሺ፣ ጥቅሱ ይሰረዝ። ሐሳቡስ? ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላኮታዎች «ሚታኩየ ኦያሲን»፣ ዘመዶቼ ሁሉ፣ ይላሉ። የቬትናሙ ቡድሂስት መነኩሴ ቲክ ናት ሃን ደግሞ ወረቀቱ ውስጥ ደመና አለ ብሏል፤ ደመና ከሌለ ዝናብ የለም፣ ዝናብ ከሌለ ዛፍ የለም፣ ዛፍ ከሌለ ወረቀት የለም። ያው ነው። ልዩነቱን አሳዩኛ!

ቀንዲል፦ «ዘመድ» ያልከው ራሱ መልሱን ይዟል። ዘመድ ይጠራል፣ ይመሰገናል፣ ዕዳም አለበት። የሆዴኖሾኒዎችን፣ የሌሎቹን የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ የምስጋና ቃል ተመልከት። ስብሰባ ሲከፈትም ሲዘጋም ይባላል። ከሰው ይጀምርና ምድር እናት፣ ውኃ፣ ዓሣ፣ ዕፅዋት፣ እንስሳት፣ ዛፎች፣ ወፎች፣ አራቱ ነፋሳት፣ ነጎድጓድ አያቶች፣ ታላቅ ወንድም ፀሐይ፣ ሴት አያት ጨረቃ፣ ከዋክብት እያለ እስከ ፈጣሪ ይወጣል። በየምዕራፉ መጨረሻ «አሁን ሐሳባችን አንድ ነው» ይባላል። ተናጋሪው ሊያሳጥር ሊያስረዝም ይችላል፤ «ተፈጥሮ ሆይ እናመሰግናለን» ብሎ ቢጠቀልለው ግን ምኑ ቀረ? ሥራው እያንዳንዱን በስሙ መጥራት ነው። የወረቀቱ ደመና ግን ወረቀት በራሱ የቆመ ምንም ነገር እንደሌለው ማሳያ ነው። አንዱ ዘመድ ይቆጥራል፣ ሌላው «የኔ» የሚባለውን ይፈታል።

ማኅቶት፦ ጨምሪበት። ቡድሂዝም መከራ እንዴት እንደሚነሣ የሚያስረዳባቸው አሥራ ሁለቱ ማያያዣዎች ካለማወቅ ተነሥተው እርጅናና ሞት ላይ ያበቃሉ። ስሜት ጥማትን ይወልዳል፣ ጥማት ሙጥኝ ማለትን፤ ልምምዱ ስሜቱና ጥማቱ መካከል መቁረጥ ነው። እንግዲህ «መያያዝ» እዚህ የበሽታው መንገድ ነው። ዘመዶቹን ሊበጥስ የሚያመሰግን አለ?

የቆላው ሰው፦ ይሄ በፓሊ ቋንቋ የተጻፉት የጥንቶቹ የቡድሂዝም መጻሕፍት ብቻ ነው፣ እህቴ። ሁዋየንን፣ የቻይናውን የቡድሂዝም ትምህርት ቤት፣ ዘለልሽ። የሁዋየኑ መምህር ፋዛንግ (643–712) ላልገባቸው ተማሪዎች አሥር መስተዋት አቁሞ ነበር፤ ስምንቱ በስምንቱ አቅጣጫ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሁሉም ፊት ለፊት፣ መሐል ላይ የቡድሃ ምስልና መብራት። በአንዱ መስተዋት ውስጥ ሁሉም፣ በሁሉም ውስጥ አንዱ ታየ። የኢንድራ መረብ ይሄው ነው። የሚበጠስ ክር የት አለ?

ቀንዲል፦ ጎሽ፣ አሁን ራስህ ፓሊውና ሁዋየኑ «ያው» አይደሉም አልክ። ቡድሂዝም ከራሱ ጋር ያው ካልሆነ ከላኮታ ጋር እንዴት ሆነ?

የቆላው ሰው፦ ቃል አትጠምዝዢ። ፕራቲትያሳሙትፓዳ የሚባለው የቡድሂዝም ትምህርት ሥሩ አንድ ነው፤ «ይህ ሲኖር ያ ይኖራል»። በአማርኛ፣ በጥገኝነት መነሣት።

ሸማኔው፦ «ጥገኝነት»?! ኤምባሲ በር ላይ ነው እንዴ የሚነሣው? «ተያይዞ መነሣት» በሉት።

የቆላው ሰው፦ «ተያይዞ» እጅ ለእጅ ነው፣ ምክንያትን አያሳይም። አንዱ ሌላውን ተደግፎ ይቆማል ነው ነገሩ።

ሸማኔው፦ እና «ተደግፎ መነሣት» አትልም? ጥገኛ ማለት ተውሳክ ነው፣ ወንድሜ። ለነገሩ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን መቼ ቡድሂስት ተባልን?

ማኅቶት፦ 😂 እሱንም ነገ «አለቃ ሲያትል» ብለው ይለጥፉታል።

ቀንዲል፦ ሳቁ፤ ግን ተረቱ የማን ነው የሚለው ቀልድ አይደለም። በካናዳ ነባር ሕዝቦች በጂትክሳኖች ዘንድ አዳውክ የሚባለው የቃል ታሪክ የየቤቱ (የየወገኑ) ንብረት ነው፤ ግብዣ ላይ በምስክር ፊት ይተረካል፣ መሬቱንም ያስረዳል። የመሬት ክርክራቸውን ያየው ዳኛ በ1991 ክብደት ነፈገው፤ በ1997 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቃል ታሪክ እንደ ማስረጃ ሊመዘን ይገባል አለ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቫሆዎችም የካዮቲን (የቀበሮ መሰሉን ተንኮለኛ አውሬ) ተረት ከመጀመሪያው ውርጭ እስከ መጀመሪያው ነጎድጓድ ካልሆነ አያወሩም። ጃታካን (የቡድሃን የቀድሞ ሕይወቶች ተረቶች) ማንም በማንኛውም ወር ይተርካል። «ያው ነው» ሲባል መጀመሪያ የሚጠፋው ይሄ ነው፤ ባለቤቱና ወቅቱ።

የቆላው ሰው፦ ስለ ባለቤትነት መቼ አወራሁ? እኔ ስለ ትርጉሙ ነው ያልኩት።

ቀንዲል፦ መሬት የሚያስረዳ ትረካ፣ ባለቤቱ ሲወጣ የትኛው ትርጉም ይቀራል?

ሸማኔው፦ «ጥገኝነት» ግን አሁንም አልተነሣም።