ሞተሩ ከነካምቢዮው ሲነሳ ወደ ኋላ ያጋድላል

የላንድክሩዘር ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው (ከነማርሽ ሳጥኑ) ማውጣት አለብኝ። ያለኝ 1 ቶን የሚያነሳ የእጅ ሰንሰለት ማንሻና ከወፍራም ቱቦ የተበየደ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ነው። አንዱን ሰንሰለት ከሞተሩ የፊትና የኋላ ማንሻ ጆሮዎች (ሞተሩ የሚነሳባቸው ቀዳዳ ያላቸው ብረቶች) ጋር በቡሎን አስሬ ሳነሳ ካምቢዮው ቁልቁል ጎተተው፤ ሰንሰለቱም በመንጠቆው ውስጥ ተንሸራተተ። ወዲያው አወረድኩት፤ አጠገቤ ወጣት ረዳቶች ስላሉ በዚህ ጉዳይ ዕድሌን አልሞክርም። ሰንሰለቱን ባሳጥረው ከመንጠቆው ወደ ሁለቱ ጆሮዎች በሚወርዱት የሰንሰለቱ ክንዶች መካከል ያለው ማዕዘን ይሰፋል፤ 120 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ እያንዳንዱ ክንድ የሞተሩን ሙሉ ክብደት ያህል ይሸከማል። ስለዚህ ለካምቢዮው ሌላ ሰንሰለት ልጨምር አስቤአለሁ፤ የካምቢዮው ቤት ግን አሉሚኒየም ስለሆነ እንዳይሰነጠቅ እሰጋለሁ። ቤቱን ሳልጎዳ ሚዛኑን ለመጠበቅ ይህን ሰንሰለት ካምቢዮው ላይ የት ቦታ ልሰረው?